በነጭ ፕላስተር ላይ የጻፍኩት ቁጥር

መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ብዙ ነገር ይጠይቃል። ጎማውን በጫማው ይመታል፣ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ጭሱን ያሸታል። ጋሽ አደሎ ግን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ያቺን አንዲት ጥያቄ በእውነት መልሼላቸው ቢሆን ኖሮ አስራት ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ መጨረሻው ያምር ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። አያምርም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ስሜ ደምሴ ነው፤ ሰው ሁሉ ደሜ ይለኛል። ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግኩ፣ ከመንጃ ፈቃድ በቀር ሌላ ወረቀት የሌለኝ፣ ምላሴ ግን ከማንም የሚቀድም ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ሲሞት አንዲት አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ ትቶልኝ ነበር። በእሷ ከቦንጋ ሺሺንዳ የነጋዴ ዕቃ እያመላለስኩ እተዳደር ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንዱ በሯ በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ ቁልፍ ስታዞርላት ግን አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሺሺንዳ ስመለስ ዳሽቦርዱ ላይ በርታ አይቻት የማላውቅ ቀይ መብራት በራች። በቀጥታ ጋሽ ክፍሌ ጋራዥ ገባሁ። ጋሽ ክፍሌ መካኒክ ናቸው፤ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፣ አባቴም መኪናውን ከእሳቸው በቀር ማንንም አያስነካም ነበር። ንግግራቸው አጭር ነው፤ ሲቆጡ ደግሞ ጋራዡ በሙሉ ጸጥ ይላል። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩና «ቺንጋ ነው» አሉኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሞልቶታል። ይቀየር።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ይሄ ቺንጋ ሞተሩ ፊት ላይ፣ ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የሚዞር ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። የሞተሩን የላይኛውን ክፍልና የታችኛውን ክፍል እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው። ሌላ ዕቃ ሲያረጅ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያጨሳል። እሱ ግን ምንም ምልክት አይሰጥም። ደህና ሲሄድ ይውልና አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል፤ የዚያን ጊዜ የሞተሩ ውስጥ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይሰባበራል።

«ቦንጋ ውስጥ የለም፤ ከጅማ ነው የሚመጣው» አሉ ጋሽ ክፍሌ። «አስር ቀን ታገስ። እስከዚያ አታስነሳት።»

አስር ቀን! እኔ በዚያው ሰሞን ልቤን የሰረቀች አንዲት ሚኒባስ አይቼ ነበር። ባለቤቷ እስከ እሑድ ካልመጣህ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሎኛል። ፒክአፗ ካልተሸጠች ደግሞ ሚኒባሷ አትገዛም። ስለዚህ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃትን ዘዴ ተጠቀምኩ። ዳሽቦርዱ ጀርባ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ቺንጋው ሲቀየር መካኒኩ ያቺን ብሎን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ወደ ሌላው ያዛውራታል፤ መብራቱም ለሚቀጥለው መቶ ሺህ ይጠፋል። እኔ ቺንጋውን ሳልቀይር ብሎኗን አዛወርኳት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

እዚህ ላይ ብቻ አቁሜ ቢሆን ምናለ! እኛ ከተማ ያሉ መካኒኮች ግን አንድ ልማድ አላቸው። ቺንጋ በቀየሩ ቁጥር ቁስል የሚታሸግበትን ነጭ ፕላስተር ቆርጠው ኮፈኑ ሥር ይለጥፉና የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። ደረሰኝ የለ፣ መዝገብ የለ፤ ማስረጃው ያቺ ፕላስተር ናት። ገዢም ሻጭም ያምናታል። እኔም ከፋርማሲ ፕላስተር ገዛሁ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ አዲስ እንዳይመስል ደግሞ ዘይት በነካ አውራ ጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። ሥራዬን ቆሜ አይቼ ሳቅኩ። አዎ፣ ስቄያለሁ።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ አደሎ ከማንኪራ መጡ። ቡናና ንብ ያላቸው፣ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ልጃቸው አስራት አብሯቸው ነበር፤ የኔ እኩያ፣ ጥርሱ የማይከደን ሳቂታ። እነሱ መንደር በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነበር፤ መኪና የሚገዙትም አንድም ቡናቸውን ሊያወጡበት፣ አንድም ለዚያ ብለው ነው። ኮፈኑን ከፈትኩላቸው።

«ደሜ ልጄ፣ እኔ መኪና አላውቅም» አሉኝ። «ሰው ጠይቅ ያለኝ አንድ ነገር ነው። ቺንጋው ተቀይሯል ወይ?»

«ጋሽ አደሎ፣ ይኸው ተጽፎልዎት የለ?» አልኳቸው። ተቀይሯል አላልኩም። ቃል በቃል እንዳልዋሸሁ ለራሴ መንገሬን አስታውሳለሁ።

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉና ፕላስተሩን ነኩት፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየዳበሱ እስከ ዳር ሄዱ። «እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉኝ።

አስራት ከጎናቸው ሆኖ «አባዬ፣ ቆስላ ነው እንዴ ፕላስተር የለጠፉባት?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ውላችን ላይ አንድ ነገር ተጨመረ። አስራት መንዳት እስኪለምድ ድረስ በየሳምንቱ ማንኪራ እየሄድኩ ላስተምረው ተስማማሁ። በገንዘቡ ያቺን ሚኒባስ ገዛሁ። መጀመሪያ ሰሞን መኪናዋ ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ምንም የለም። ‹ጋሽ ክፍሌ ሲያካብዱ ነው› አልኩና ረሳሁት። አስራት ጎበዝ ተማሪ ነበር። ማርሽ በቀየረ ቁጥር «አስተማሪ፣ ስንት ሰጠኸኝ?» ይለኛል። ከእሱ ጋር መዋል ደስ ይለኝ ነበር፤ ጓደኛሞች ሆንን።

በአራተኛው ሳምንት፣ አርብ ቀን፣ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ስለጨቀየ እነሱ ቤት አደርኩ። ሐሙስ ዕለት ጋሽ አደሎ ጎረቤት አስነድተው እስከ አፏ ቡና ጭነው ቦንጋ ደርሰው ተመልሰው ነበር። ይሄን ጭነት አስታውሱት፤ በኋላ ይመጣል።

ቅዳሜ ማለዳ አስራት ጋቢዬን ገፎ ቀሰቀሰኝ። «ለአስተማሪዬ ማር ሳላበላ አልሸኝም። ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ንቡ ድንዝዝ እንዳለ ቆርጬ እመጣለሁ።»

«ተወው ባክህ፣ ዛፉ እርጥብ ነው» አልኩት።

«ከልጅነቴ የምወጣበት ዛፍ ነው፤ አንተ ተኛ» ብሎኝ ገመዱን በትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። እኔ ጋቢዬን መልሼ ተኛሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ከዛፉ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ከላይ ያለው ሰውነቱ ደህና ነው፣ ያወራል። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ታጥፎ መሆን በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። ደም እንኳ ብዙ አልነበረም። የማሩ ቆርቆሮ ከጎኑ ተገልብጦ ንቦቹ ላዩ ላይ ይተራመሳሉ። «ማርህ ፈሰሰብህ» አለኝ። ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ ይቀልዳል።

በቃሬዛ ተሸክመን መኪናዋ ከቆመችበት እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ፍራሽ አነጠፍንና ከኋላ አስተኛነው። ጋሽ አደሎና ሁለት ጎረቤቶች አብረውት ተቀመጡ። ጋሽ አደሎ የልጃቸውን ጫማ አወለቁና እግሩን ያዙ፤ ወዲያው ቀና ብለው «እግሩ ቀዝቅዟል» አሉኝ። ኮታቸውን አውልቀው ጠቀለሉበት።

ቁልፉን ይዤ መሪው ላይ ስቀመጥ ነው ቺንጋው ትዝ ያለኝ። ከማንኪራ ቦንጋ መንገዱ ክፉ ነው፤ ደህና ከተነዳ ሰዓት ይፈጃል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ረጅም ዳገት አለ። እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ‹ንገራቸው› አለኝ ሆዴ። ምን ብዬ? ‹ጋሽ አደሎ፣ መኪናዎን የሸጥኩልዎት አታልዬ ነው› ብዬ? ልጃቸው ተዘርግቶ? አስነሳኋት። እንደ ወትሮዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሰው የሚያድን ሰው እንደሚነዳ አይደለም፤ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነው የነዳሁት። ነዳጅ መስጫውን በረገጥኩ ቁጥር ክዳኑ ውስጥ ያ ያረጀ ጎማ ሲሳብ የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር። ከኋላዬ ያለው መስኮት ክፍት ነው፤ አስራት ጭንቅላቱ ወደኔ ስለሆነ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«አስተማሪ» አለኝ። «እኔን በአራተኛ ሂድ እያልክ ራስህ በሁለተኛ ትጎተታለህ እንዴ?»

«መንገዱ ይነቀንቅሃል ብዬ ነው።»

«ይነቅንቀኝ። እግሬ አይሰማኝም እኮ።»

«ደሜ፣ ትንሽ ፍጠንልን» አሉ ጋሽ አደሎ። «እግሩ በረዶ ሆነ።»

«እሺ ጋሽ አደሎ» አልኩ፤ አልፈጠንኩም።

ከዳገቱ በፊት አንድ ሰፋ ያለ ሜዳ አለ። እዚያ ስንደርስ ከኋላችን ጥሩምባ ሰማሁ። ተሾመ የሚባል የማውቀው ሾፌር ነው፣ ቡና የጫነ አይሱዙ ይዟል። የገበያ ቀን ስለሆነ ሌላው መኪና ሁሉ ገና በጠዋት ወጥቶ አልቋል፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አጠገቤ መጥቶ ቆመና አንገቱን አወጣ።

«ደሜ ምንድነው? ሰው ታሟል?»

«ከዛፍ ወድቆ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ እየተንፏቀቅህ መቼ ልትደርስ ነው? አምጣው፣ ጆንያው ላይ አስተኝተን በግማሽ ሰዓት ላድርሰው።»

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር በዚያች ጭቃ መንገድ ላይ በር ከፈተልኝ። ‹አዎ ውሰደው› ማለት ብቻ ነበር። ግን ጋሽ አደሎ ይሰማሉ። ‹ደህና እየሄደች ለምን እናወርደዋለን?› ቢሉኝስ? ሁለቱ ጎረቤቶች ያዩኛል። ተሾመ ደግሞ ወሬኛ ነው፣ ማታ ቦንጋ መናኸሪያ ውስጥ ‹ደሜ የሸጣት መኪና ዳገት አልወጣ ብላ› እያለ ያወራብኛል። አስቡት፣ በዚያች ሰዓት ያሳሰበኝ መናኸሪያ ነው። ሚኒባሴ ነው። ስሜ ነው።

«ደርሰናል፣ አንተ ሂድ» አልኩት።

ተሾመ ጋሽ አደሎን አያቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «ደሜ ያውቃል» አሉት። አይሱዙው ጭቃውን እየረጨ ከዓይናችን ጠፋ።

ዳገቱን ያዝን። ግማሹን ወጣን። ‹ማርያም፣ ይሄን ብቻ፣ ይሄን ብቻ› እያልኩ ነው። አንዲት እጥፋት ቀርታን «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ብረት ከብረት የሚፋጭ ሁለት ሦስት ምት። ከዚያ ዝም አለ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ ያዝኳት። የእጅ ፍሬን ሳብኩ።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ አደሎ።

«እንጃ» አልኩ።

እንጃ! ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ያቺ ነጭ ፕላስተር ፊት ለፊቴ ናት። የማየው ነገር እንዳለ ሰው ሽቦ ነካ ነካ አደረግኩ። ስልክ ሞከርን፣ ኔትወርክ የለም። ዝናቡ መልሶ ጀመረ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር።

ቃሬዛውን አወረድን። አራት ሰው ነን፣ አንዱ ሽማግሌ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሃምሳ እርምጃ እንሄዳለን፣ እናሳርፋለን። ጋሽ አደሎ ባሳረፍን ቁጥር ተንበርክከው የልጃቸውን እግር በትንፋሻቸው ያሞቁታል። ጣቶቹ መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆኑ። አስራት መቀለዱን ተወ። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ገልጦ «አስተማሪ፣ ተሾመ ይመለስ ይሆን?» አለኝ። የቃሬዛውን እንጨት መልሼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ከብዙ መንገድ በኋላ አንድ ባጃጅ አገኘንና አጣጥፈን አስገባነው። ቦንጋ ሆስፒታል ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ሐኪሙ እግሩን ነካ፣ ተረከዙን ነካ፣ ሰዓቱን አየ። «መቼ ነው የወደቀው?» አለ። ነገርነው። ወደ ውጭ ወሰደንና አጥንቱ ሲሰበር የደም ሥሩን እንደዘጋው ነገረን። «ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡ ተስፋ ነበረው። አሁን ጅማ እንልከዋለን፤ ግን ተዘጋጁ።» በማግስቱ ጅማ ላይ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ጭካኔው እዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የኔ ጭካኔ ገና መጀመሩ ነው።

ፒክአፗ ተጎትታ ጋሽ ክፍሌ ጋራዥ ገባች። እኔን አስጠሩኝ። ሞተሩ ፊት ያለውን ክዳን ፈትተው የተበጠሰውን ቺንጋ መዘው አወጡት፤ ተሰነጣጥቋል፣ ጥርሱ ግማሽ በግማሽ ረግፏል። ከዚያ ቀና ብለው ኮፈኑ ሥር ያለችውን ፕላስተር አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይሄ ጽሕፈት የማነው?»

ዓይኔን ወደ ተበጠሰው ቺንጋ መለስኩ። ያን ጊዜ ጋሽ አደሎ ገቡ። ከጅማ መመለሳቸው ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎብጠዋል። ሰላም እንኳ ሳይሉን «ክፍሌ፣ ጭነት ነው አይደል?» አሉ። «ሐሙስ ዕለት ቡናውን አብዝቼባት ነበር። አስራት ‹አባዬ በዛ› ብሎኝ ነበር። በእኔ ስስት ነው አይደል?»

ጋሽ ክፍሌ ወደኔ ዞሩና ጠበቁ። እድል እየሰጡኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ጋራዡ ጸጥ አለ። እኔ አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ፦

«ጭነት ሊሆን ይችላል፣ ጋሽ አደሎ።»

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሲጠብቁት የነበረ ፍርድ እንደተነገራቸው ሁሉ። ዞረው ወጡ።

ጋሽ ክፍሌ በጥፊ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ምነው ባሉኝ። «አባትህ እንኳንም ሞተ» አሉኝ። ቀጥለው መፍቻዎቹን እግሬ ሥር ወረወሩ። «አንተ ነህ የምትሠራው።»

«ለምን እርስዎ አይነግሯቸውም?» አልኳቸው፣ ድፍረቴን እዩልኝ።

«የዋሸው የኔ አፍ ነው እንዴ? ሥራ!»

አምስት ቀን ሠራሁ። የሞተሩን የላይ ክፍል አወረድን፣ የተጣመሙትን ቫልቮች ቀየርን። ቺንጋውን የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ብቻ ቀረ። ከታች ያለውን ጥርሳም ክብ ብረት በመፍቻ እያዞርኩ ምልክቱን ከምልክቱ አገናኘሁ፣ የላይኛውን አገናኘሁ፣ የናፍጣ ፓምፑን አገናኘሁ። አዲሱን ቺንጋ ጥርስ በጥርስ አስገባሁ፤ መወጠሪያውን ለቀቅኩ፣ አሰርኩ። በእጄ ሁለት ዙር አዙሬ ምልክቶቹ ተመልሰው መገጣጠማቸውን አየሁ። ሥራው ራሱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። አስራት እግሩን ያጣው ለግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስጨርስ ጋሽ ክፍሌ የኔን ፕላስተር ልጠው ጣሉ፣ በራሳቸው እጅ አዲስ ጻፉ። የተበጠሰውን ቺንጋ ደግሞ በጋዜጣ ጠቅልለው «ያንተ ነው» ብለው ሰጡኝ።

አስራት ከጅማ በክራንች ተመለሰ። ለአባቱ ግን ፊቱን አዞረ። «በዛ ብዬህ ነበር» አለ አንዴ፤ ከዚያ በኋላ አላናገራቸውም። ቦንጋ አንዲት ክፍል ተከራይቶ መኖር ጀመረ። ጋሽ አደሎ ከማንኪራ በመጡ ቁጥር ምግብ በሳህን ሸፍነው በሩ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሚኒባሴ ድረስ መጡና እጄን ያዙ።

«ደሜ፣ አንተ ጓደኛው ነህ። አማልደኝ።»

እኔም ሄድኩ! ሄጄ ከአስራት ፊት ተቀምጬ፣ «አባትህ እኮ ነው፣ ሰው ይሳሳታል፣ ይቅር በለው» አልኩት። ለራሴ ጥፋት እሳቸውን ጥፋተኛ አድርጌ አማላጅ ሆንኩ። እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ደግ ሰው ነህ ደሜ፤ በዚያ ዝናብ የተሸከምከኝን አልረሳም። ስለ እሱ ግን አታንሳብኝ» አለኝ። ቤቴ ሄጄ ራቴን በላሁ። እንዴት ወረደልኝ?

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ጋሽ አደሎ ታመው ሞቱ። አስራት ለቀብር በክራንቹ ማንኪራ ድረስ ሄደ፤ አላለቀሰም። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ተከትዬው ገባሁና በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቺንጋ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መብራቱን፣ ብሎኗን፣ ፕላስተሩን፣ ተሾመን፣ ጋራዥ ውስጥ ያልኩትን። ይገድለኛል ብዬ ነበር፤ ቢገድለኝም ደስ ባለኝ።

ጋዜጣውን ፈትቶ ቺንጋውን አገላብጦ አየው። ከዚያ «ለምን ነገርከኝ?» አለኝ።

«እውነቱን እንድታውቅ…»

«እስከ ዛሬ የተናደድኩበት ሰው አንድ ነበር፤ እሱም ተቀበረ። ሁለት ዓመት በሬ ላይ ሳህን ያስቀምጥ ነበር። በቀዳዳ አየው ነበር፤ ሳህኑን አስቀምጦ ትንሽ ይቆማል። አንድም ቀን ‹ግባ› አላልኩትም። በሕይወት ሳለ ብትነግረኝ ሄጄ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። አሁን ይሄን ምን ላድርገው? አንተ ግን ቀለለህ አይደል?»

ቺንጋውን መልሶ ወረወረልኝ። «ውሰደው። እኔ የምሸከመው አለኝ» አለና ክራንቹን ነካ።

እና አንባቢዎቼ፣ እውነት ነፃ ታወጣለች ብዬ ልመክራችሁ አልችልም። ዘግይታ ስትመጣ ሌላ ሰው ላይ ነው የምትወድቀው። እኔ ሚኒባሷን ሸጥኩና ጋሽ ክፍሌ ጋራዥ ተቀጠርኩ። አሁን ቦንጋ ውስጥ ቺንጋ የምቀይር እኔ ነኝ። ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ግን ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት የመኪናውን ባለቤት ጠርቼ «ጣትዎን ያስገቡና ይንኩት» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ አንዳንዱ ልብሴ ይቆሽሻል ብሎ ይቆጣል። ካልነካው አልዘጋም። እናንተም መኪና ስትገዙ የተጻፈ ቁጥር አትመኑ፣ አስከፍታችሁ እዩ። መንገድ ላይም አንድ ተሾመ ቆሞ ‹ላድርሰው› ካላችሁ፣ ስለ ስማችሁ አታስቡ፣ ‹ውሰደው› በሉ።

ባለፈው ወር ያቺ ፒክአፕ ጋራዥ ገባች። መብራቷ እንደገና በርቷል፤ መቶ ሺህ ሞልታለች። አስራት ቀጥሮ የሚያስነዳው ሾፌር ይዟት መጣ፣ እሱ ራሱ ከጎን ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ አናግሮኝ አያውቅም። በክራንቹ ወርዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠና እስክጨርስ ድረስ አየኝ። ምልክቱን አገናኘሁ፣ አጠበቅኩ፣ ሁለት ዙር አዞርኩ። ክዳኑን ይዤ ቆምኩ።

«ጣትህን አስገባና ንካው» አልኩት።

ተነሳ። ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ጎንበስ አለና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። አዲሱን ጎማ ቀስ እያለ ዳበሰው። ከዚያ ጣቱን ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«አባዬም ነክቶ ነበር» አለኝ።